ለክቡር ክብ ማኅተም የቀረበ ውዳሴ

በቱሉ ዲምቱ፣ እኛ በምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ መብራት ሲጠፋ ምጣድ ከጣዱት ይልቅ የሚታዘንለት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። እንጀራ ከጎረቤት መበደር ይቻላል፤ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» ተብሎ ማኅተም የሚያርፍበትን ኮፒ የሚያበድር ጎረቤት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይህን የምለው ለማማረር እንዳይመስልብኝ። የሚያማርር ጸሐፊ በየቦታው ሞልቷል፤ እኔ የመጣሁት ለማመስገን ነው። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ለመማር ሬዚደንት ሆኖ ሲመዘገብ፣ እኔ ዋሱ ሆኜ አብሬው ስመላለስ ሰንብቻለሁና፣ መሥሪያ ቤቶቻችን ለክብ ማኅተም ያላቸውን ፍቅር በቅርብ ለማየት የታደልኩ ሰው ነኝ።

ልጁ የዋህ ነበር። ሕክምና ተምሮ፣ የመጨረሻውን ዓመት ኢንተርን ሆኖ በተረኝነት ሲያድር ከርሞ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አልፎ፣ ክልል ወርዶ በጠቅላላ ሐኪምነት አገልግሎ፣ ከዚያም አገር አቀፉን የስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና ተፈትኖ ሲያልፍ ነገሩ ያለቀ መሰለው። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው ስለተባለ፣ ኔትወርክ ደህና በሚይዝበት በ4ኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስሙን፣ የሚማርበትን የትምህርት ክፍልና ስፖንሰር ያደረገውን መሥሪያ ቤት ሞላ፤ ማስረጃዎቹንም ስካን አድርጎ አንድ በአንድ አያያዘ። ምዝገባው መሳካቱን የሚገልጽ መልእክት ስልኩ ላይ ሲመጣለት እናቱ እልል አለች። እኔ ዝም አልኩ። መልእክቱ ላይ ማኅተም አልነበረበትም።

መቼም ሕግ የለንም ብሎ የሚከሰን አይኖርም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ሰነባብቷል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተከትሎታል፤ ስለ ዲጂታል መታወቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ተደርቦበት፣ የፋይዳ ቁጥር በየኪሳችን ገብቷል። ችኩል አገር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አዋጅ ባወጣ ማግስት ሥራ ላይ አውሎ ያባክነው ነበር። የእኛዎቹ መሥሪያ ቤቶች ግን ጠጅ ተጥሎ በማግስቱ እንደማይቀዳ የሚያውቁ የባለሙያ ልጆች ስለሆኑ፣ አዋጁ በጋኑ ውስጥ ረጋ ብሎ እንዲበስል አፉን ከድነው ትተውታል። ልጁ ማስረጃውን ይዞ በአካል ሲቀርብ፣ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መስኮት ላይ የነበሩት ወይዘሮ ፋይዳውን በአክብሮት ተቀብለው፣ አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «ጥሩ ነው፤ የዚህንም ኮፒ ታመጣለህ፣ ፊትና ጀርባ» ብለው መለሱለት።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን የዋናው ዲግሪ ጉዳይ ነው። እንደሚታወቀው በመንግሥት ወጪ የተማረ ሐኪም የአገልግሎት ግዴታውን እስኪወጣ ድረስ ዋናው ዲግሪው ተይዞበት፣ ተማሪዎቹ «ቴምፖ» የሚሉት ጊዜያዊ ማስረጃ ብቻ ይሰጠዋል። የእኛም ልጅ የተመደበው ከዚህ ቀደም በተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ ስለነበር፣ ዲግሪው ያለው እርሱ ከቆመበት መስኮት በስተጀርባ፣ ከወይዘሮዋ ወንበር ሁለት እርምጃ ርቆ በሚታየው የብረት ካቢኔት ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ንግግር ሳልጨምርና ሳልቀንስ እነሆ።

«ዋናውን ዲግሪ ማሳየት አለብህ፣ ዶክተር።»

«ዋናው እዚሁ እናንተ ዘንድ ነው፣ እትዬ።»

«እኛ ዘንድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ከኋላዎ ካለው ካቢኔት ውስጥ ነው፤ ቴምፖውን የሰጡኝ እርስዎ ራስዎ ነበሩ።»

«ሊሆን ይችላል፤ አይደለም አላልኩህም። እኛ ዘንድ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣና አያይዘው።»

«ደብዳቤውን የሚጽፈው ማን ነው?»

«እኛ ነን እንጂ፣ የኔ ጌታ! ሌላ ማን ይጽፍልሃል?»

ልጁ ማመልከቻ ጻፈ። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ገቢ ቁጥር ተሰጠው፤ ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣ፤ ኃላፊው በጎኑ «እንደ አግባቡ ይፈጸም» ብለው ጽፈው መሩት፤ የተመራውም ለእኒያው ለወይዘሮዋ ነበር። ወይዘሮዋ ወንበራቸውን አዙረው፣ ካቢኔቱን ከፍተው፣ ዲግሪውን በዓይናቸው አይተው፣ ካቢኔቱን ዘግተው፣ ዲግሪው በመሥሪያ ቤታቸው እንደሚገኝ የሚያረጋግጠውን ደብዳቤ አረቀቁ። ደብዳቤው ተተየበ፤ ተፈረመበት፤ ቲተር ተደረገበት፤ ማኅተም አረፈበት፤ ወጪ ቁጥርና ቀን ተጻፈበት፤ በታሸገ ፖስታም ሆኖ ለልጁ ተሰጠው። በ3ኛው የሥራ ቀን ልጁ ፖስታውን ይዞ ኮሪደሩን አቋርጦ እዚያው መስኮት ላይ ሲያቀርብ፣ ወይዘሮዋ ፖስታውን ቀደዱ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ራሳቸው የጻፉትንም ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች በጥሞና አነበቡት። ማኅተሙንም ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ተመለከቱት። ከዚያም አመኑ።

ራስን አለማመን በገዳም የሚኖሩ አባቶች በብዙ ጾምና ስግደት የሚያገኙት ጸጋ ነው ሲባል እሰማ ነበር። አንድ የሬጅስትራር ቢሮ በጸሎት ሳይሆን በካርቦን ወረቀትና በስቴፕለር ብቻ ከዚህ ማዕረግ መድረሱን በዓይኔ ካየሁ ወዲህ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ትዕቢተኛ ነው የሚሉ ሰዎችን ሐሜት አልሰማም። ትዕቢተኛ ቢሆን ኖሮ ካቢኔቱን ከፍቶ «አዎ፣ አለ» ይል ነበር።

ለነገሩ ይህ ፍቅር ሥር የሌለው አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ከተሾሙት አንዱ የጽሕፈት ሚኒስትር ነበር። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ማኅተማቸውም ከደብዳቤው ግርጌ ሳይሆን ከአናቱ ላይ ያርፍ ነበር፤ አንባቢው ቃሉን ከማንበቡ በፊት የማን ቃል እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። ያኔ የራሱ ማኅተም ያለው ንጉሥ፣ መኳንንት ወይም ጳጳስ ነበር። ዛሬ ግን ማኅተም ከአናት ወደ ግርጌ ወርዶ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሏል፤ የመጋዘን ኃላፊ አለው፤ የጥበቃና ጽዳት ክፍል አለው፤ ክሊራንስ ለማስፈረም የሄደ ሰው ተውሶ የማያውቀውን መጽሐፍ መመለሱን የሚያረጋግጥለት ቤተ መጻሕፍትም አለው። ልጁ ይሠራበት ከነበረው ሆስፒታል መልቀቂያ ለማግኘት በየክፍሉ ሲዞር፣ አልጋ ክፍል ይሁን ልብስ ማጠቢያ የማይረሳ ክብር የሰጠው በየአንዳንዱ ፊርማ አጠገብ የተደረገለት ሐምራዊ ክብ ነው።

የስሙ ነገርም አለ። የአባቱ ስም በአማርኛ ዮሐንስ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዱ ላይ በአንድ «ኤን»፣ የዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕት ላይ በሁለት «ኤን» ተጽፏል። ይህ ስሕተት የልጁ አይደለም፤ ሁለቱንም የጻፉት ባለማኅተም ቢሮዎች ናቸው። ሆኖም ሁለት ማኅተም ሲጋጭ ማኅተም ሊዋሽ ስለማይችል፣ የሚጠረጠረው በመሐል የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ ባለ አንድ «ኤን» የሆነው ልጅና ባለ ሁለት «ኤን» የሆነው ሐኪም አንድ ሰው መሆናቸው በፍርድ ቤት እንዲረጋገጥ ተባለና፣ እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ ምስክር ሆና ቀረበች። «መንታ አልወለድኩም» ብላ መሐላ ፈጽማ መሰከረች። ልጁን ያማጠች እናት ምስክርነት ዋጋ ያገኘው የፍርድ ቤቱ ማኅተም ሲያርፍበት መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ስፖንሰር የተደረገ ሬዚደንት ትምህርቱን ሲጨርስ ተመልሶ ሊያገለግል ውል ይገባል፤ ውሉም ዋስ ይጠይቃል። ዋስ ለመሆን ደግሞ ደመወዜን የሚገልጽ፣ ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኔንም የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቴ ማምጣት ነበረብኝ። በዚያ መሥሪያ ቤት 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የምትጽፍልንን ጸሐፊ ልጆች ክርስትና ላይ በልቻለሁ። ቢሆንም ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ከስብሰባ ሲወጡ ፈረሙልኝ፤ ቲተሩ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። የመሳቢያው ቁልፍ ጸሐፊዋ ዘንድ ነው፤ ጸሐፊዋ ለቅሶ ደርሳ መምጣቷ ነው፤ እስክትመጣ መዝገብ ቤት ለምሳ ወጣ። ሰው ሁሉ በቦታው ባለመኖሩ ማንንም መውቀስ ስላልቻልኩ በሰላም ዋልኩ። ኃላፊው ከፊቴ ቆመው ፊርማቸውን አኑረውልኝ ሳለ ስማቸውን የሚናገር ማኅተም ካልተጨመረበት እርሳቸው መሆናቸው እንደማይታወቅ ሲነግሩኝ፣ ለደቂቃ ያህል እኔም ተጠራጠርኳቸው።

ምልልሱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ፈጣን ነው፤ ጉዳያችን ግን አዳማ አልነበረም። በሚኒባስ ቃሊቲ ወርደን፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ሲመጣ በባቡር፣ ሲዘገይ በታክሲ ተሰልፈን መሐል ከተማ ስንደርስ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ወረቀት ጎድሎብን ስንመለስ 10 ሰዓት። የውስጥ ደዌ ትምህርት 3 ዓመት ነው ይላሉ። የምዝገባውን ጊዜ እንደ መሰናዶ ቢቆጥሩለት ይገባዋል እላለሁ፤ የማያልቅ ወረፋን የማያውቅ ሐኪም ከመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ምን ሊሠራ ነው?

አንድ ቀን ማታ፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ስንመለስ፣ ልጁ ድንገት ከታክሲው መስኮት ፊቱን አዙሮ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ። ክልል ሲሠራ አንዲት ባልቴት ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዘው ይመጣሉ። ሪፈሩ ተጽፏል፣ ተፈርሟል፤ ማኅተም ግን የለውም። እርሱም እንደ ደንቡ «እማማ፣ አስመትተው ይምጡ» ብሎ መለሳቸው። እማማ ምንም ሳይሉ ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። «ተመልሰው መጡ?» አልኩት። «መጡ፤ በሳምንቱ» አለኝና ዝም አለ። እኔም የሚያጽናናው ነገር ፈልጌ፣ የሰፈራችን እድር ባለፈው ዓመት ሟቹን ሁላችንም አብረን ቀብረን ከመጣን በኋላ፣ ገንዘቡን ለቤተሰቡ ለመስጠት የሞት ማስረጃ ከነማኅተሙ መጠየቁን ነገርኩት። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኩትም፤ በቃለ ጉባኤ የተመዘገበ ስለሆነ የፈለገ ሊያየው ይችላል።

ልጁ በመጨረሻ ተመዘገበ። ባለፈው ሐሙስ የምዝገባ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ እህቴ ቡና አፍልታ፣ ፈንዲሻ በትና ጠበቀችው። ወረቀቱ ጉርድ ፎቶግራፉ ተለጥፎበታል፤ ማኅተሙ እንደ ወጉ ግማሹ ከፎቶው፣ ግማሹ ከወረቀቱ ላይ አርፏል። ሁሉም ልጁን እያገላበጠ ሲስም እኔ ወረቀቱን አገላብጬ ስመለከት ግን የማኅተሙ ቀለም በአንድ በኩል ፈዘዝ ማለቱን አየሁ። አቦል ሳይቀዳ ወረቀቱን በክላሰር ይዤ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

መብራት ሄዷል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ 6 ሰው ክላሰሩን ታቅፎ ተሰልፏል፤ እኔም 7ኛ ሆኜ ቆምኩ። ልጅቷ ከጨለማው ውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ከመጣ እንደተለመደው ነው አይደል? ፊትና ጀርባ?»

«አዎ» አልኳት፤ «አምስት አምስት አድርጊው።»