ዋጋ ሲጨምር የሚቀንሰው ፍላጎት ነው?

ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ሰሞኑን በአንድ ቃል የተነሳ ሊኮራረፉ ምንም አልቀራቸውም። ቃሉ «ፍላጎት» ነው። እሱ ነጋዴ ነው፣ እሷ የኢኮኖሚክስ መምህርት።

«ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል። አለቀ» አለ እሱ።

«አላለቀም። የሚቀንሰው ሰው የሚገዛው መጠን ነው። ፍላጎቱ አልተነካም።»

«ያው ነው! የቃላት ጨዋታ።»

«እሺ፣ በአንተ አባባል እንሂድ» አለችው። «ዋጋ ጨመረ፣ ፍላጎት ቀነሰ። ፍላጎት ከቀነሰ ዋጋ ይወርዳል። ዋጋ ሲወርድ ፍላጎት ይጨምራል። ፍላጎት ሲጨምር ደግሞ ዋጋ ይወጣል። መቼ ነው የምንቆመው?»

ዝም አለ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ፍላጎት አንድ ቁጥር አይደለም አለች። ገዢዎች በዚህ ዋጋ ይህን ያህል፣ በዚያ ዋጋ ያን ያህል እንገዛለን የሚሉት ዝርዝር በሙሉ ነው። ዋጋው ሲለወጥ ከዝርዝሩ ላይ ሌላ መስመር እናነባለን እንጂ ዝርዝሩ አይቀየርም። ፍላጎት ጨመረ የሚባለው ሰው በዚያው በድሮው ዋጋ ከበፊቱ የበለጠ ሲገዛ ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ያስቀመጠው ልዩነት ነው።

እሱ ግን እጅ አልሰጠም። «በ2020 ማስክ ዋጋው ሰማይ ሲነካ ሰው ጭራሽ አልተሻማበትም? ሕጋችሁ የት ገባ?»

ጥያቄው ከባድ ነው። በዚያ ዓመት ማርች መጀመሪያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የሕክምና ማስክ ዋጋ ስድስት እጥፍ መድረሱን ተናግሮ ነበር።

«ይሄማ ለእኔ ነው የሚመሰክረው» አለች። «ወረርሽኙ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ለወጠው። በነጻ ቢሰጡት የማይወስድ ሰው በእጥፍ ለመግዛት ተሰለፈ። ፍላጎቱ ስላደገ ዋጋው ወጣ። ዋጋው ስለወጣ አይደለም ፍላጎቱ ያደገው። ዋጋ ፍላጎትን ፈጽሞ አይለውጥም!»

እዚህ ላይ ያዛት። «ፕሪንተር ሲረክስ የቀለም ገዢ አይበዛም? ነገ ይጨምራል ሲባልስ ሰው ዛሬውኑ አይገዛም?»

አመነችለት። አብሮ የሚሠራ ዕቃ ሲረክስ የጓደኛው ፍላጎት ያድጋል። አንዱ ሌላውን የሚተካ ዕቃ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የነገ ዋጋ ግምትም የዛሬን ፍላጎት ያንቀሳቅሳል። ገቢ፣ ምርጫና የገዢዎች ቁጥር ፍላጎትን እንደሚለውጡማ ማንም አልተከራከረም።

እኔ በዋናው ነገር ከእሷ ጋር ነኝ። የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሽያጩ የወረደበት ነጋዴ ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ አለበት። ዋጋ ጨምሮ ከሆነ ወደ ድሮው ዋጋ ሲመለስ ገዢዎቹም ይመለሳሉ። የገዢዎቹ ገቢ ቀንሶ ከሆነ ግን ያው የድሮው ዋጋ የድሮውን ሽያጭ አያመጣለትም። መምህርቷም ለተማሪዎቿ ስታስረዳ «የዕቃው የራሱ፣ የአሁኑ ዋጋ» ብላ ብትጀምር ደስ ይለኛል። ክርክሩን ያረዘመው የእነዚህ ሁለት ቃላት መቅረት ነው።