ከባሕር ዛፉ ጀርባ ያለው ራዳር

የክርክሩ ጭብጥ፦ በወሎ አውራ ጎዳና ላይ በሚገኙ ትንንሽ ከተሞች መግቢያ፣ ትራፊክ ፖሊስ ከእይታ ተከልሎ የመኪና ፍጥነት መለካቱና መክሰሱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? የሚከራከሩት ከደሴ ወልዲያ የሚሠሩ የሚኒባስ ሾፌርና በዚያው መንገድ ዳር ባለች ከተማ ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው።

ሾፌሩ፦

ከደሴ እስከ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን እየሰነጠቀ ያልፋል፤ በእያንዳንዳቸው ፍጥነት መቀነስ እንዳለብኝ አልክድም። የምቃወመው አያያዙን ነው። ባለፈው ወር፣ ስሟን በማልጠራት ከተማ መግቢያ ላይ፣ አንድ ትራፊክ ከባሕር ዛፍ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራዳሩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጠበቀኝ። ወደፊት ራቅ ብሎ የቆመው ባልደረባው አስቆመኝና «63 ነበርክ፣ እዚህ 40 ነው» ብሎ መንጃ ፈቃዴን ተቀበለኝ። ምልክቱ የት እንዳለ ስጠይቀው በእጁ ወደ ኋላ አመለከተኝ። ተሳፋሪዎቼን ይቅርታ ጠይቄ በእግሬ ተመልሼ አየሁት። ሰሌዳው አለ፤ ነገር ግን ቅርንጫፍ ወርዶበት ከመኪና ውስጥ የሚታየው የቆመበት ብረት ብቻ ነው። ትራፊኩን የጋረደው ዛፍ ሰሌዳውንም ጋርዶታል።

የቅጣቱ ብር ያልፋል። ጥፋቱ ግን በሪከርድ ይያዛል፤ ሪከርድ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል፤ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ለሾፌር እርሻው ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ማክስ ክሪክ የምትባል ትንሽ ከተማ አብዛኛውን ገቢዋን ከአላፊ መኪኖች ቅጣት ትሰበስብ ስለነበር፣ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. የከተሞች ገቢ ከ45 በመቶ በላይ ከትራፊክ ቅጣት እንዳይሆን ገደቡ፤ በ2015 ደግሞ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አወረዱት። በፍሎሪዳ የዋልዶ ከተማ ፖሊስ በ2014 የፈረሰው፣ የክስ ኮታ ተጥሎብናል የሚል አቤቱታ ከራሱ ፖሊሶች ከተነሣ በኋላ ነው። እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዓላማው መኪናው እንዲቀንስ ከሆነ፣ ትራፊኩ መሐል ላይ ቢቆም ሁሉም አይቀንስም ነበር?

መምህርቷ፦

ጋሼ፣ ስለ ሰሌዳው ያሉት እውነት ነው፤ ዛፉ ይከርከም። «ትራፊክ ከታየ ሁሉም ይቀንሳል» ያሉት ግን የሚመሰክረው ለእኔ ነው። ከፊት የሚመጣው ባልደረባዎ ገና ከሩቅ በመብራት ምልክት ይሰጥዎታል፤ እስከ ትራፊኩ ድረስ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሱን ካለፋችሁ በኋላ ያለውን የምናየው እኛ ነን። የእኛ ትምህርት ቤት በር ደግሞ ከእሱ በኋላ ነው።

ፍጥነት ሳስተምር ተማሪዎቼ በመንገዱ ጠርዝ ላይ 100 ሜትር ለክተው በሁለቱም ጫፍ በኖራ ምልክት አደረጉ፤ አንዱ ክንዱን ሲያወርድ ሌላው በስልኩ ሰዓት ያዘ። አንድ ሚኒባስ በ4 ሰከንድ አለፈ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያሰላችው ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ልጅ ናት፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ሾፌር ልጅ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያሻግር 1 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ40 የሚሄድ መኪና 11 ሜትር፣ በ80 የሚሄድ 22 ሜትር ፍሬን ሳይነካ ይጓዛል፤ ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርዱ አንድም ትራፊክ ሳይኖር በከባድ ማርሽ ይዘው ይወርዳሉ፤ ገደሉ የሚወስደው እርስዎን ስለሆነ። በእኛ ከተማ ግን የሚጎዳው መንገድ የሚሻገረው ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ግመልና ፍየል የሚነዳው ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ገበያው ቀድሞ የሚታወቅ ነው፣ ሰሌዳ አያስፈልገውም። ስለ ማክስ ክሪክም፣ ራስዎ እንዳሉት ሕጉ የገደበው ገንዘቡን ነው፤ ራዳሩን አልነካም።

ሾፌሩ፦

መምህርት፣ የልጁ ጣት በግማሽ ሰከንድ ብትቀድም ያ ሚኒባስ በ80 ነው የሄደው፤ በእንዲህ ዓይነት መለኪያ ሰው ቢከሰስ ምን ይሉ ነበር? የራዳሩም ጨረር እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል። ከኋላዬ ሲኖትራክ ተከትሎኝ ከሆነ ቁጥሩ የእኔ ይሁን የእሱ በምን ይታወቃል? እኔ የተነገረኝ በቃል ነው፤ ማያ ገጹን አላየሁም። የምንጣደፈው ደስ ብሎን አይደለም፤ ባለንብረቱ የቀኑን ገቢ ይቆጥራል፣ ምልልስ የቀነሰ ሾፌር በማግሥቱ መኪናውን ለሌላ ያስረክባል። እሱን ማንም በራዳር አይጠብቀውም።

መምህርቷ፦

80ም ቢሆን የ40 እጥፍ ነው። ስለ ጨረሩ ግን ትክክል ነዎት፦ ትልቅ መኪና ይበልጥ ስለሚያንጸባርቅ ከትንሹ ጀርባ ሆኖም ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ትራፊኩ ቁጥሩንና መኪናውን ለሾፌሩ የማሳየት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል፤ በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር እፈርማለሁ። ባለንብረቱም አብሮ ይጠየቅ። መደበቁን ግን አልተውም፤ ልጆቼ የሚሻገሩት ትራፊኩ በሌለበት ሰዓትም ነውና።

ሾፌሩ፦

መደበቁ ላይ አንስማማም። ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ግን ረዳቴ መጥረቢያ ይዞ ይወርዳል፤ ቅርንጫፉን እንቆርጣለን፣ ትራፊኩ ከፈቀደ። ተማሪዎችዎም ኖራውን አያጥፉት፤ በእነሱ 100 ሜትር ላይ በስንት ሰከንድ እንዳለፍኩ ይንገሩኝ።