«ህዝቡ ገና ነው» ለሚሉን ሊቃውንት ምስጋና

ሰሞኑን ለቅሶ ቤት ከረባት ያሰረ ሰውዬ ንፍሮውን ዘገን አድርጎ «ዴሞክራሲ ጥሩ ነው፤ ግን የእኛ ህዝብ ገና ነው» አለ። ድንኳኑ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እናንተም ሰምታችኋታል፤ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ፣ ስብሰባ ላይ። ይህን ያህል ሲለፉ አመስጋኝ ማጣታቸው ነውር ነውና ዛሬ እኔ ላመስግናቸው።

ከሁሉ በፊት ትህትናቸው! «ህዝቡ ገና ነው» የሚል ሰው ራሱን ከህዝቡ አይቆጥርም። እሱ በስሏል። መቼ እና የት እንደበሰለ ግን ተናግሮ አያውቅም።

ጥበባቸውን በሥራ ላይ ማየት የሚፈልግ አንድ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ሊቀመንበር ላሳየው። ለሦስት ወር «ለጊዜው» ተብሎ ነበር የተመረጠው። ያኔ ጡት ይጠባ የነበረው ልጁ አሁን ጺሙን ይላጫል። ሰውዬው ምርጫ አይጠላም፣ ኧረ በጭራሽ! መጀመሪያ ክረምት ሆነና ተላለፈ። ከዚያ ጾም ገባ። ጾሙ ሲፈታ ሰርግ በዛ። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ጠፋ፤ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው እሱ። መዝገቡ እሱው ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ስር ተገኘ። ቀጥሎ ነዋሪው የግንዛቤ ማስጨበጫ ስልጠና ያስፈልገዋል ተባለ። አሰልጣኙ ማን ነው? እሱ። ግን ጊዜ የለውም፤ የኮሚቴ ሥራ በዝቶበታል። የሮቶው ቁልፍ ቀበቶው ላይ ይንጠለጠላል፤ ማህተሙ በፌስታል ተጠቅልሎ ኮት ኪሱ ውስጥ ነው። አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ያሉ እናት «ልጄ፣ ውሃውን ክፈትልን እንጂ» ቢሉት «እማማ፣ እርስዎ የሽግግሩ ሂደት ገና አልገባዎትም» አላቸው። እሳቸው የሰፈሩ ዕቁብ ዳኛ ናቸው። በየሳምንቱ ዕጣ ያወጣሉ፤ አንድ ቀን ሳንቲም ጎድሎባቸው አያውቅም።

ምክር የማይሰማ አገርም አለ። ቤኒን ውስጥ ማቲዩ ኬሬኩ እ.ኤ.አ. በ1972 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ካዝናው ተራቆተ፤ ደመወዝ መክፈል አቃተው። በ1990 ኮቶኑ ላይ ብሔራዊ ጉባኤ ጠራ። በአንድ ጳጳስ የተመራው ጉባኤ ግን የበላዩ ሥልጣን የእኔ ነው ብሎት አረፈው። ኬሬኩ ዋጥ አድርጎ ተቀበለ። በ1991 ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ወረደ። በ1996 ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ተመለሰ። ያውም ብዙ ሰው ማንበብና መጻፍ በማይችልበት አገር።

«ቤኒን ትንሽ ናት» ይሏችኋል ሊቃውንቱ። እሺ፣ ህንድስ? በመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫዋ ማንበብ የማይችለው መራጭ በምልክት ነበር የመረጠው። «ህንድ ደግሞ ትልቅ ናት።»

በ2019 ቤኒን አንድም ተቃዋሚ ፓርቲ ያልተወዳደረበት የፓርላማ ምርጫ አደረገች። «ይኸው! ህዝቡ ገና ነበር» ለማለት ይመቻል። ቆይ፣ ተቃዋሚዎቹን ከምርጫው ያስቀረው ህዝቡ ነበር እንዴ?

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ሁሌ ያልበሰለ የሚባለው ሰልፍ የሚቆመው ነው። ኮሮጆ የሚገለብጠው፣ ተፎካካሪውን የሚያስረው፣ ሕገ መንግሥቱን በልኩ የሚሰፋው አንድም ቀን «ገና ነህ» ተብሎ አያውቅም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁሩን ዕድሜ ልኩን እንደ ልጅ ሲቆጥሩት ኖሩ። በ1994 ሽማግሌዎቹ ለሰዓታት ተሰልፈው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መረጡ። ለነጠቃቸው መብት «አልደረሳችሁም» እያለ ደጅ የሚያስጠናቸው ሰው ሊቅ አይደለም፤ ዘበኛ ነው።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። አሜሪካ ያሉትን ሊቃውንት ሳላነሳ ብቀር ይቀየሙኛል። አንዱ የዜግነት ቃለ መሃላውን ፈጽሞ ከአዳራሹ ሳይወጣ የመራጭነት ቅጹን ሞላ። ማታ ደግሞ ስልክ ደውሎ ለእኛ ሃምሳ ዓመት እንደሚቀረን አስረዳን። ከቦሌ ሲነሳ እንደ እኛው ጥሬ ነበር። እንግዲህ የበሰለው መንገድ ላይ መሆን አለበት። ነገሩ በአንድ በረራ የሚያልቅ ከሆነ ሃምሳ ዓመት ከምንጠብቅ ለሁላችንም ደርሶ መልስ ይቆረጥልን።