ይድረስ ለክቡር የካምፓሳችን ዋይፋይ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ናፍቆት ስል ጠፍተዋል ማለቴ አይደለም። አሉ። ስልኬ አናት ላይ ሙሉ ሆነው ይታያሉ። ከሥርዎ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል። መኖርንና አለመኖርን በአንድ መስመር ያስታረቀ ከእርስዎ ሌላ አላየሁም።

የግቢው ሽፋን መቶ በመቶ መሆኑ በስብሰባ ላይ ተነግሮናል። ካርታውም በፕሮጀክተር ታይቷል፤ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ውሸት ነው አልልም። ልኬቱ የተወሰደው ግን በነሐሴ ነው። ተማሪ አገሩ ገብቶ፣ ዶርሙ ተቆልፎ፣ ላይብረሪው ውስጥ ወንበርና አቧራ ብቻ በቀሩበት ሰዓት። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ማን ያግድዎታል?

ችግሩ እኛ መምጣታችን ነው። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሞገድዎን ይውጣል። ሦስት መቶ ተማሪ የተቀመጠበት አዳራሽ ለእርስዎ ሦስት መቶ ሙሉ ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ስልክ ይዟል፣ ግማሹ ላፕቶፕ ጨምሯል። በአንድ ቻናል (የሞገድ መስመር) ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንዱ ብቻ ነው፣ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የተሰቀለው አንድ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ሞገድዎን የሚረጨው ሳጥን ነው። ካርታው የተጠየቀው «ሲግናሉ ይደርሳል ወይ?» ተብሎ ነው። አዎ፣ ይደርሳል። «ስንት ሰው ይችላል?» ያለ የለም።

ወደ ዶርም እንምጣ። እዚያ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ደረጃው አጠገብ ነው የሰቀሉዎት። ኬብል ለመሳብ ስለሚቀርብ ይመስለኛል። ደረጃው አጠገብ ያሉት ልጆች ፊልም ያወርዳሉ፤ እኛ ወዲያኛው ጫፍ ያለነው ከግድግዳ በኋላ ግድግዳ፣ ከዚያ የብረት ተደራራቢ አልጋ፣ ከዚያ የብረት ሎከር ይጠብቀናል። ፈጣኑ ባለ 5 ጊጋኸርዝ ሞገድዎ ገና ሁለተኛው ብሎኬት ላይ አቅም ያንሰዋል። ግድግዳ ደፈር የሚያደርገው ባለ 2.4 ጊጋኸርዙ ነው። እሱም ሳይደራረብ የሚሠራባቸው ቻናሎች ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በእኛ ብሎክ አክሰስ ፖይንቶቹ ሁሉም 6 ላይ ናቸው። ለምን ቢሉ፣ ከካርቶን ሲወጡ እዚያው ስለነበሩ።

ዘርዎን ሳስብ ደግሞ ይብስ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በራዲዮ ሞገድ ኮምፒውተርን ከደሴት ደሴት አገናኝተዋል። አያትዎ ባሕር ተሻግረዋል። እርስዎ ሽንት ቤቱን መሻገር አቃተዎት።

አስተዳደር ሕንፃው ጋ ግን ሌላ ሰው ነዎት። ኮሪደሩ ላይ በየጥቂት እርምጃው አረንጓዴ መብራትዎ ብልጭ ይላል፣ ያውም ከ11 ሰዓት በኋላ ማንም በሌለበት። ለዚህ ነው ማታ ማታ ከዲኑ መስኮት ሥር የምንሰበሰበው። ጋቢ ለብሶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አሳይመንት የሚልክ ታገኛለህ። ጥበቃው መጀመሪያ አካባቢ ያባርረን ነበር። አሁን «እዚያ አይሠራም፣ ወደ ቧንቧው ጠጋ በሉ» ይለናል። እውነቱን ነው፣ ቧንቧው ጋ ይሻላል።

ስለ አድራሻው፣ ማለትም እያንዳንዱ ስልክ ከእርስዎ ጋር ለመገናኘት ስለሚሰጠው ቁጥር፣ ባላነሳ ደስ ይለኝ ነበር። አንዱ ኔትዎርክዎ የሚያድለው አድራሻ 254 ነው፤ አንዱን የወሰደ ደግሞ ስምንት ቀን ይይዘዋል። ሰኞ ለጉብኝት መጥቶ ሻይ ጠጥቶ የሄደ እንግዳ ስልክ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ቦታ ተይዞለታል። እኔ የመታወቂያ ባለቤቱ «አድራሻ በመፈለግ ላይ» እባላለሁ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ቁጥርዎ ይጨመር፣ ጉልበትዎ ግን ይቀነስ፤ ሁላችሁም ስትጮሁ እርስ በርስ ነው የምትረባበሹት። ከኮሪደር ወደ ክፍል ይግቡ። ልኬቱም በፈተና ሰሞን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁላችን ባለንበት ይደገም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የወዲያኛው ጫፍ ዶርም ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአይሲቲ ዳይሬክቶሬት
ለግዢ ክፍል
ለማታ ፈረቃ ጥበቃ (ካርታው የሚታረም ከሆነ የሚጠየቀው እሱ ነው)