ማኅተሙ ይታይ እንጂ ጽሑፉ ምን ያደርጋል

ባለፈው ማክሰኞ አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጹ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ማለቴ ፎቶ አወጣ። ልዩነቱ ያልገባው ካለ ታድሏል፣ ዳታ የሚሞላው በሌላ ሰው ካርድ ነው ማለት ነው።

እኔ ደግሞ የጽሑፍ ብራውዘር ይዘን ችክ ካልን ጥቂት ሰዎች አንዱ ነኝ። ላፕቶፔ አርጅቷል። ፋየርፎክስ ስከፍትበት የሀዋሳን ታቦር ተራራ ሽቅብ እንደሚወጣ ባጃጅ ያቃስታል። ሊንክስ የሚባለው የጽሑፍ ብራውዘሬ ግን ይሮጣል። በ1992 እ.ኤ.አ. ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ሽማግሌ ነው፤ ሥዕል የለ፣ ቪዲዮ የለ፣ ዘሎ ፊትህ ላይ የሚቀመጥ ማስታወቂያ የለ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ፊደል ብቻ። (ሊንክስ የሚባሉ ሁለት ብራውዘሮች አሉ። በፈረንጁ ፊደል ይለያያሉ፣ በእኛ ግን ሞክሼ ናቸው። የኔው ታላቅየው ነው።)

ገጹን ከፈትኩ። «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ከሥሩ በቅንፍ የአንድ ፎቶ ፋይል ስም፣ አሥራ ምናምን ቁጥር። አለቀ፣ ማስታወቂያው ይኸው ነው። ከፎቶው ጋር አንዲት መስመር ማብራሪያ ቢጽፉ ኖሮ ሊንክስ በፎቶው ፈንታ እሷን ያሳየኝ ነበር። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል፣ «አልት» የምትባል ቦታ ለዚሁ ብሎ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አዘጋጅቷል። ቦታዋ ግን እንደ እንግዳ ክፍል ሶፋ ፕላስቲኳ ሳይገፈፍ ቁጭ ብላለች።

ቢሆንም ልፋታቸውን አለማመስገን ነውር ነው። እስቲ አስቡት። አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ጽሑፉን ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት አለው፣ ጽሑፉም ጽሑፍ ነው፣ ገልብጦ መለጠፍ ብቻ ነው የቀረው። እንዲህ ያለ ስንፍና ግን እዚያ ቤት አይታወቅም! ይታተማል። ቀለም አልቋል፣ ስለዚህ ጎረቤት ክፍል ሄዶ ይታተማል። ይፈረማል። ማኅተም ይመታበታል፤ ማኅተሙ ቀኑ ላይ ያርፋል፣ ሁሌም ቀኑ ላይ። ከዚያ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በስልክ ይነሳል፣ የአንሺው አውራ ጣት በጥግ በኩል ብቅ ትላለች፣ የማኪያቶው ብርጭቆ ስልክ ቁጥሩ ላይ ጥላውን ያጠላል። ፎቶው በቴሌግራም ይላካል። ቴሌግራም ጨምቆ ያደበዝዘዋል። የደረሰው ሰው ደግሞ ማውረዱ ታክቶት ስክሪንሾት ያደርገዋል፤ እናም አሁን ማስታወቂያው አናት ላይ 12 በመቶ የቀረው ባትሪ እና ሳይነሳ ያለፈ የስልክ ጥሪ ታክለውበታል (ደዋዩ ማን ይሆን? ተጨንቄለታለሁ)። ድረ ገጹ ላይ የሚወጣው ይሄ ነው። ያውም ወደ ጎን ተኝቶ። እኛም ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ትራፊ እንደሚጠብቅ አባ ኮዳ የተባለ ትልቅ ወፍ አንገታችንን ጠምዝዘን እናነባለን።

ለጋስነታቸውንም እንዳንረሳ። የእኛ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንዱ 3 ባይት ነው። 400 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 1,200 ባይት ቢሆን ነው። እኔ ያወረድኩት ደብዝዞም 4 ሜጋባይት ነው። ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ መርቀውልኛል።

ተርሚናልም (ሊንክስ የሚሮጥበት ጥቁር ስክሪን) ቢሆን ሥዕል አያቅተውም ብዬ ትግል ገጠምኩ። መጀመሪያ ሊብካካ የሚባል ፕሮግራም ሞከርኩ። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም፣ ያሳየኝ ነገር ግን ስሙን ይመስላል። ሥራው ፎቶን በፊደላትና በምልክቶች መልሶ መሣል ነው። ነገሩን ተመልከቱት፦ ፊደል የነበረው ፎቶ ሆነ፣ ፎቶው ዞሮ ፊደል ሆነ፣ ፊደሉ ግን አይነበብም። ቀጥሎ ሲክስል። ዴክ የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ ለማተሚያዎቹና ለተርሚናሎቹ የተጠቀመበት ዘዴ ነው፤ አንዷ ምልክት ቁልቁል የተደረደሩ 6 ነጥቦችን ትሸከማለች፣ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። አሁን በቀለም ወጣ። ማኅተሙ ወይን ጠጅ ሆኖ ፍክት አለ። አውራ ጣቷም ታየች፣ ጥፍሯ መቆረጥ አለበት። ጽሑፉ ግን የጉንዳን ሰልፍ ነው።

ይሄን ሁሉ የምቀልደው ዓይን ስላለኝ ነው። ጓደኛዬ ማየት አይችልም። ስልኩ ያነብለታል፣ ጽሑፍ ከሆነ። ማስታወቂያው የስልጠና ምዝገባ ነበር፣ ይፈልገው የነበረውም እሱ ነው። ስልኩ «ምስል» ብሎት ዝም አለ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት መዝገብ ውስጥ፣ እንዲገባ ሰዎች የለፉት ፎቶ እንድናነሳው ነው እንዴ? እንዲፈለግ፣ እንዲገለበጥ፣ ማሽን ጮክ ብሎ እንዲያነበው ነው! ጽሑፉ እጅህ ላይ እያለ፣ መለጠፍ ብቻ ቀርቶህ፣ ሰውን በር ላይ የምታስቀረው ምን በድሎህ ነው? ይሄ ስንፍና እንኳ አይደለም። ንቀት ነው።

ይቅርታ፣ እያመሰገንኩ ነበር።

በመጨረሻ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱ በሩ አጠገብ መስታወት ውስጥ ተሰቅሏል፣ ፊቱ ሰው ተሰልፎ ፎቶ ያነሳል፣ ፍላሹ መስታወቱ ላይ ያበራል። ምዝገባው በማግስቱ ያበቃል። ቆሜ ሙሉውን በስልኬ ጻፍኩት፣ ዘጠኝ መስመር፣ ለጓደኛዬም ላክሁለት። ሰማውና ሳቀ፣ በማግስቱም ጠዋት ሄዶ ተመዘገበ። ሌላውም ሰው ይጠቀም ብዬ ያንኑ የሰፈራችን ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት።

ሁለት ደቂቃ አልቆየም። «ማኅተም የለውም፣ ፌክ ነው» አለ አንዱ። «ኦርጅናሉን በፎቶ ላክልን» አለች ሌላዋ።

ተመልሼ አነሳሁና ላክሁ። አውራ ጣቴም ገብታለች። አሥራ አራት ሰው አመሰገነኝ።