«ጊዜው ሲደርስ ተሰጣቸው» ለሚሉን

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት ንቅናቄ ታሪክ የተጠየቁ አንድ ምሁር፣ «ያ ሁሉ ጩኸት ባይኖርም መብቱ ጊዜው ሲደርስ ይሰጣቸው ነበር፤ ደግሞም አብዛኞቹ ሴቶች አልጠየቁም» ሲሉ ሰማሁ። አወያዩ ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

«አልጠየቁም» ከሚለው ልጀምር፤ ከሁሉም ይልቅ እሱ ያሳፍራልና። ኬት ሼፓርድና የትግል ጓደኞቻቸው በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዚላንድ ወደ 32 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ፊርማ አሰባስበዋል። የዋናውን አቤቱታ ገጾች እርስ በርስ አጣብቀው በመጥረጊያ እጀታ ላይ ጠቀለሉት። ሰር ጆን ሆል የተባሉት የምክር ቤት አባል ጥቅሉን በአዳራሹ ወለል ላይ ሲለቁት እየተተረተረ ሄዶ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ተላተመ። ከዚህ በላይ እንዴት ይጠየቅ?

መብት እንደ ክረምት ዝናብ ወቅቱን ጠብቆ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ስዊዘርላንድን የሚቀድም አገር ባልተገኘ ነበር። ሀብቱ አላት፣ ትምህርቱ አላት፣ ሰላሙ አላት፤ ሕዝበ ውሳኔማ የዘወትር ሥራዋ ነው። በ1928 በበርን በተካሄደው የሴቶች ሥራ ዐውደ ርዕይ ላይ ሴቶቹ የመምረጥ መብታቸው በምን ፍጥነት እየሄደ እንደሆነ ለማሳየት ግዙፍ ቀንድ አውጣ ሠርተው በሰልፍ ጎተቱ። በዓመቱ ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ ፊርማ ለመንግሥት አስረከቡ። ከዚያ በኋላ 30 ዓመት አለፈ። በ1959 ጉዳዩ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ድምፅ ሰጪዎቹ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 67ቱ «አይሆንም» አሉ። ምሁሩ የሚያሞግሱት ጊዜ ብቻውን ሲተው የሠራው ሥራ እንግዲህ ይኸው ነው!

ታዲያ በ1971 ውጤቱ እንዴት ተገለበጠ? ወንዶቹ አንድ ማለዳ ልባቸው ራርቶ ነው? መንግሥት የሴቶችን የመምረጥ መብት ወደ ጎን ትቶ የአውሮፓን የሰብአዊ መብቶች ስምምነት ሊፈርም መሆኑ ሲሰማ፣ ማርች 1 ቀን 1969 በኤሚሊ ሊበርኸር መሪነት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰልፈኞች ወደ በርን ተመሙ። በምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ፊሽካ እየነፉ የመንግሥቱን ጆሮ አደነቆሩት። ምሁሩ «ጩኸት» ያሉት ይህንኑ ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሕዝበ ውሳኔው አለፈ። እንደዚያም ሆኖ የአፐንዘል ኢነርሮደን ካንቶን (ካንቶን የስዊዘርላንድ ክልል ማለት ነው) ወንዶች በካንቶናቸው ጉዳይ ሴቶች ድምፅ እንዳይሰጡ ሲከለክሉ ኖረው፣ በ1990 እንኳ እጃቸውን አውጥተው እምቢ አሉ። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በሩን ለሴቶች በግድ አስከፈታቸው።

መብቱን ያመጣው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው የሚሉም አሉ። ጦርነቱ ምንም አላገዘም አልልም። ነገር ግን ብሪታንያ በ1918 የፈቀደችው 30 ዓመት ለሞላቸውና የንብረት መስፈርት ለሚያሟሉ ሴቶች ነበር። በጥይት ፋብሪካ ሲደክሙ የከረሙት አብዛኞቹ ወጣቶች ስለነበሩ እስከ 1928 ጠብቁ ተባሉ። የፈረንሳይ ሴቶችስ በዚያው ጦርነት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበር? የአገሪቱ ሴኔት ጥያቄያቸውን በ1922 ውድቅ አድርጎ እስከ 1944 ያለ ድምፅ አቆያቸው።

ምሁሩ ስለ እኩል ክፍያም ተጠይቀው ነበር፤ የሰጡት ምክር «ትዕግሥት» የሚል ነው። እሱም ተሞክሯል። ስዊዘርላንድ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያን በ1981 በሕገ መንግሥቷ አሰፈረች። ሴቶቹ እንደተመከሩት 10 ዓመት ታገሡ፤ ጠብ ያለላቸው ነገር አልነበረም። ጁን 14 ቀን 1991 ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ ሴቶች ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። ማስፈጸሚያ ሕጉ በ1996 ሥራ ላይ ዋለ።