ይድረስ ለክቡር ፎርጅድ ኮንታክተር፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ብር ስለ መጉደሉ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ በአዲስ አበባ ዙሪያ በአንድ የውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ስሆን፣ ክቡርነትዎ ደግሞ ይህ ደብዳቤ በሚጻፍበት ሰዓት በጠረጴዛዬ ላይ ሆድዎ ተከፍቶ፣ ኮይልዎ (የሽቦ ጥቅልዎ) በአንድ ወገን፣ ሞላዎችዎ በሌላ ወገን ተበትነው ይገኛሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን እንግዳ በደብዳቤ ማስቸገር ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ሆኖም ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ስለ ተፈጸመው ጉዳይ አስተዳደሩ ከእኔ የጽሑፍ ማብራሪያ ስለ ጠየቀ፣ ማብራሪያውን አስቀድሜ ከባለጉዳዩ ከራስዎ ብጠይቅ ይሻላል ብዬ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ በመሆኑ ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላልና የሥራ ድርሻዎን በአጭሩ ላስታውስ። ኮንታክተር ማለት በትንሽ ትእዛዝ ትልቅ ሞተር የሚያስነሣና የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ማሽኖቹን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ «ተነሣ» ሲል ይጨብጣሉ፣ «በቃ» ሲል ይለቃሉ፤ ከዚህ የተለየ ሥራ የለዎትም። 15 ኪሎዋት በሆነው የውኃ ፓምፓችን ላይ የተመደቡት 32 አምፔር ይሸከማሉ ተብሎ ነበር፤ በግንባርዎ ላይም ይኸው ቁጥር ኤሲ-3 ከሚለው፣ ሞተር ለማስነሣትና ለማቆም ከሚሰጠው የሥራ ምድብ ጋር ባማረ ጽሕፈት ሰፍሮ ይታያል። ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው ስድስትና ሰባት እጥፍ የሚደርስ ከረንት ስለሚስብ፣ ያ ምድብ ለጌጥ የሚጻፍ አይደለም። እርስዎ ግን ለጌጥ ጽፈውታል።

ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ታንከሩ ሞላ። ሴንሰሩ መሙላቱን ተናገረ፤ ፒኤልሲው አቁም ብሎ አዘዘ፤ በፓነሉ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ጠፋች። ፓምፑ ግን አልቆመም። ስቶፕ ተጫንኩ፤ አልቆመም። ቀዩን የአደጋ ጊዜ ቁልፍ በቡጢ መታሁት፤ እሱም ሄዶ ሄዶ የሚያዘው ያንኑ እርስዎን ኖሮ ምንም አልተለወጠም። (ይህኛው የእኛ የራሳችን ጥፋት ነው፤ የአደጋ ጊዜ ቁልፍን በአንድ ኮንታክተር ታማኝነት ላይ ማንጠልጠል እንደማይገባ ያን ሌሊት ውኃ ውስጥ ቆሜ አምኛለሁ።) ዋናውን ብሬከር ሮጬ እስካወርድ ድረስ ታንከሩ በአራቱም ማዕዘን ፈስሶ፣ ውኃው በካርቶን መጋዘኑ በር ሥር ገብቶ፣ ለሁለት ሳምንት ያዘጋጀነውን ካርቶን አርሶታል። ውኃ በመሸጥ የሚኖር ፋብሪካ በገዛ ውኃው ሲጥለቀለቅ ማየት የሚያስቅ ነገር ነው፤ በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ አልሳቁም።

ጠዋት ፈትቼ ሳይዎት ሦስቱም ኮንታክቶችዎ፣ ማለትም ሲገናኙ ከረንት የሚያሳልፉት ጥንድ ጫፎች፣ እያንዳንዳቸው ከጥንዳቸው ጋር ተበይደው አገኘኋቸው። በጠፍጣፋ ሾፌር ካላቀቅኋቸው በኋላ ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አደረግሁ፤ ነጩ ቀለም ገና በሁለተኛው ፍተጋ ለቀቀና ሥሩ ቀይ መዳብ ሆኖ ብቅ አለ። በኦሪጅናሉ ጫፍ ላይ የሚገኘው የብር ቅይጥ ነው፤ ሞተር በተነሣ ቁጥር የሚፈጠረውን ብልጭታ ችሎ ሳይበየድ የሚለቀው በዚያ ቅይጥ ምክንያት ነው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ብራችንን ሙሉ በሙሉ ተቀብለው ሲያበቁ፣ እርስዎ ራስዎ ያለ ብር መጡ። በግዥ ደረሰኙ ላይ ያለው ብርና በኮንታክትዎ ላይ ያለው ብር ሲነጻጸሩ የታየውን ጉድለት ለኦዲተር በምን ቋንቋ እንደማስረዳ ቢመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ነበር ወደ ካፍቴሪያው ወስጄ በሽንኩርት ሚዛን ላይ ያስቀመጥኩዎት። ከአሮጌው ኦሪጅናል ጋር ሲመዘኑ በ90 ግራም ቀለሉ። ኮይልዎ ቀጭን፣ የብረት ልብዎ ያነሰ፣ የሽቦ ማሰሪያ ብሎንዎም ገና ሳይጠብቅ ጥርሱ የሚያልቅ ነው። የሚገርመው የሳጥንዎ ነገር ነው፤ ሳጥኑ እንከን የለውም። ሆሎግራሙ ያበራል፣ ኪውአር ኮዱም በስልክ ሲነበብ ቀጥታ ወደ እውነተኛው አምራች ድረ ገጽ ይወስዳል። ለካስ ኮዱ እውነተኛ ነው፤ ከእውነተኛ ሳጥን ላይ ተቀድቶ በሺህ ሳጥን ላይ ታትሟልና።

ያም ሆኖ ለክቡርነትዎ ያለኝን አድናቆት መሸሸግ አልፈልግም። እርስዎ ኤሌክትሪክ ላያውቁ ይችላሉ፤ የእኛን የግዥ ሥርዓት ግን ከግዥ ኮሚቴው አብልጠው ያውቁታል። ሦስት ፕሮፎርማ እንደሚሰበሰብ፣ ከሦስቱም ዝቅተኛው እንደሚያሸንፍ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «ኦሪጅናልነቱ ተረጋግጧል» ለሚል ዓምድ ቦታ እንደሌለ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የአምራቹ ሕጋዊ ወኪል 14 ሳምንት ይፈጃል ባለበት ጊዜ እርስዎ በኦንላይን ገበያው ላይ «በ5 ቀን ይላካል» ብለው ቀረቡ። ዋጋዎንም ቢሆን በግማሽ አልቀነሱም፤ በግማሽ የሚሸጥ ነገር እንደሚያጠራጥር ስለሚያውቁ በመቶ 30 ብቻ ዝቅ አሉ፤ ይህም ኮሚቴውን ለማስደሰት የሚበቃ፣ እኔን ለማስጠርጠር ግን የማይበቃ ልክ ነው። እንዲህ ያለ ልክ የሚያውቅ ሰው በፋይናንስ ክፍላችን የለም።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት የጊዜ አጠቃቀምዎን ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በፊት በባንክ ወረፋ ከመጠበቅ ይልቅ ዕቃ በዘመድ ማስመጣት ልማድ ሆኖብን ነበር፤ ልማድ ደግሞ በመመሪያ አይወጣም። ስለዚህ የከፈለልን ሻርጃ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። እርስዎም እርሱ ቤት በ6 ቀን ደርሰው፣ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ድረስ ሶፋ ሥር ከርመው፣ በመጨረሻም በሻንጣ ከሽቶና ከሕፃናት ጫማ ጋር ተጉዘው በ47ኛው ቀን እጄ ገቡ። ገዥ ቅሬታ አቅርቦ ገንዘቡን የሚያስመልስበት ጊዜ 30 ቀን ነበር። የአክስቴ ልጅ ሳጥኑን ከፍቶ በስልክ ቢያሳየኝ ኖሮ ቢያንስ 20 ቀን በእጃችን ነበር፤ ግን «እንዳይበላሽ ብዬ አልከፈትኩትም» አለኝ። አይፈረድበትም፤ ዕቃን ታሽጎ ማድረስ ታማኝነት ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን።

ክቡርነትዎ ከትልቅ ቤት መወለድዎንም ሰምቻለሁ። የምጣኔ ሀብት ትብብርና ልማት ድርጅት ከአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ጋር ባወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ ድንበር የተሻገረው የፎርጅድ ዕቃ ንግድ 509 ቢሊዮን ዶላር፣ ማለትም ከዓለም ንግድ 3.3 በመቶ ያህል ተገምቷል። በአገራችንም ዘመድ አያጡም፤ ቅቤ ውስጥ ያለው ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ ያለው ሸክላ የሥጋ ዘመድዎ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተላከ በኋላ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኝቶ ወደ ብሔራዊ ባንክ የተመለሰው «ወርቅ» ደግሞ፣ በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጥዎ አጎትዎ ይመስለኛል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት ለእርስዎ ወገን አይሠራም፤ እናንተን አድምቋችኋል።

በነገራችን ላይ ሰዎች እርስዎን «ቻይና» እያሉ ሲጠሩዎት ዝም ማለትዎ አሳዝኖኛል። ከታወቁት የአውሮፓና የጃፓን አምራቾች ብዙዎቹ ከኦሪጅናል ዕቃቸው የተወሰነውን የሚሠሩት ቻይና ውስጥ በሚገኙ ፋብሪካዎቻቸው ነው፤ በራሳቸው ስም የሚሸጡ፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ የቻይና አምራቾችም አሉ። በእኛ ፋብሪካ በገዛ ስሙ የተሸጠ ርካሽ የቻይና ኮንታክተር ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ዕቃን የሚያዋርደው የተሠራበት አገር ሳይሆን የተዋሰው ስም ነው፤ ይህንን ለግዥ ክፍሉ ባስረዳ «ታዲያ ኦሪጅናል ነው ወይስ ቻይና?» ብለው መልሰው ይጠይቁኛል።

ዘመዶችዎም ቢሆኑ ሰላምታ ሳያቀርቡልኝ አላለፉም። «አዲስ፣ ያልተነካ» ተብሎ የመጣው የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ገና ኤሌክትሪክ እንዳገኘ የሥራ ሰዓት መቁጠሪያውን ብጠይቀው 31,000 ሰዓት ሠርቻለሁ አለኝ፤ ሲካፈል ያለ ዕረፍት ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ነው። ሻጩ የፊት ሽፋኑን ቀይሮ፣ ውጪውን በአልኮል ወልውሎ፣ ትዝታውን ሳያጠፋ ልኮልኛል። ፒቲ100 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ደግሞ የተጋለጠው በቡና ሰዓት ነበር። ይህ ሴንሰር ሙቀትን የሚናገረው በኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ በኦም ሲሆን፣ በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ማሳየት አለበት፤ ይሁንና በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ለቡና ከተጣደው ፍል ውኃ ውስጥ ሲነከር 135.5 ኦም አካባቢ ሊያነብ ይገባው ነበር። የእርስዎ ዘመድ 129 አለ። በበረዶ ውስጥ ብነክረው 104 አለ። ቡና የምታፈላልን ልጅ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ውሸታም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በሥራ ዘመኔ የሰማሁት አጭሩ የቴክኒክ ሪፖርት እርሱ ነው።

እርስዎን በሕግ ስለ መጠየቅም አስቤ ነበር። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998ን አውጥቼ አነበብኩ፤ ነገር ግን አዋጁን ይዤ የማንን በር እንደማንኳኳ ስፈልግ የሻጩ ገጽ ስሙን ለውጦ፣ አዲስ ባለ አምስት ኮከብ ሆኖ አገኘሁት። ደግሞም ቅጣት በወገንዎ ላይ ሲወርድ የሚያርፈው በገዥው ጀርባ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ቺፕ አምራች፣ ኮምፒውተርን ከማሽን ጋር በሚያገናኙ ኬብሎች ውስጥ በሚገቡ ፎርጅድ ቺፖች ተማሮ፣ በዊንዶውስ ዝማኔ በኩል ባሰራጨው ሶፍትዌር የፎርጅዶቹን መለያ ቁጥር ዜሮ አድርጎ ኮምፒውተር እንዳይለያቸው አደረገ። ያን ቀን የደነገጠው ቺፑን የቀዳው ሳይሆን፣ ኬብሉን ከማሽኑ ጋር ሰክቶ «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ» የሚለው እንደ እኔ ያለው ምስኪን ነበር። ኩባንያው ከቀረበበት ቁጣ የተነሣ ዝማኔውን መልሶ ሰበሰበው።

ስለሆነም ከእንግዲህ ከክቡርነትዎ ጋር ስንገናኝ ጥቂት ባለጌ ጥያቄዎች ብጠይቅ ቅር እንዳይልዎ። ሻጭዎ ከአምራቹ ካታሎግ ላይ የተወሰደውን ያማረ ፎቶ ትቶ፣ እርስዎን ከራሱ መደርደሪያ ላይ አንሥቶ፣ የዕለቱ ቀንና የእኔ የትእዛዝ ቁጥር በእጅ ከተጻፈበት ወረቀት አጠገብ ያንሣዎ እላለሁ። በፎቶው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ለአምራቹ ወኪል ልኬ፣ እውነት ከቤታቸው ወጥተው እንደሆነ አስጠይቃለሁ። ከገበያው ውጪ በቀጥታ ገንዘብ ላክልኝ፣ ቅናሽ አደርግልሃለሁ ከተባልኩ ስልኩን እዘጋለሁ። የአክስቴ ልጅም ሳጥኑን በደረሰ ቀን ይከፍታል፤ በዚያው ቀን በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝንዎታል። ፓነል ውስጥ ከመግባትዎ በፊት በሙከራ ሞተር ላይ ብዙ መቶ ጊዜ እያስነሣሁና እያቆምኩ ላብዎን አያለሁ። ሻጩ ፎቶውን ለማንሣት ካመነታ ሌላውን ሁሉ መድከም አያስፈልገኝም።

ይህን ደብዳቤ እያጠናቀቅኩ ሳለ የግዥ ክፍሉ ለምትክ የሚሆን ሦስት ፕሮፎርማ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከተበተኑት ሞላዎችዎ አጠገብ አስቀመጠ። ዝቅተኛው ዋጋ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦበታል። ፎቶውን ወደ መብራት አስጠግቼ አየሁት፤ ሳጥኑ ያው ነው፣ ሆሎግራሙ ያው ነው፣ መለያ ቁጥሩም አሁን በፊቴ ሆዱ ተከፍቶ በተኛው ግንባር ላይ ያለው ራሱ ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል።

ከሰላምታ ጋር

(የማይነበብ ፊርማ)
የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል

ግልባጭ፦
ለግዥ ኮሚቴ፣ ከሐሙስ በፊት እንዲነበብ
ለካርቶን መጋዘን
ሻርጃ ለሚገኘው የአክስቴ ልጅ፣ ከአንድ የወጥ ቤት ሚዛን ጋር